ከአማቴ ሣጥን የወጣው ወረቀት

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ደብዳቤ ከቨርጂኒያ የመጣ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ባለቤቴ ነጭ አሜሪካዊ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ካርተር። አማቴ አምና አረፉ። ቤዝመንት ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ ወረቀት ትተው ሄዱ። ቤተሰቡ ከድሮም ‹የኪንግ ካርተር ዘር ነን› ይላል። በቅኝ ግዛት ዘመን ትልቅ የትምባሆ እርሻ የነበረው ሰው ነው አሉኝ። የባለቤቴ እህት ለበጋው የቤተሰብ ስብሰባ መጽሐፍ ልታሳትም ነው፤ የዘር ሐረጉን ኮምፒውተር ላይ እንድሠራላት ለመነችኝና ጀመርኩ። ሣጥኑ ውስጥ ግን የ1798 የንብረት ዝርዝር ቅጂ አገኘሁ። ከላሞቹና ከድስቶቹ መሃል የ23 ሰዎች ስም ከነዋጋቸው ተጽፏል። ሳሳያት ‹እሱን ተይው፣ የሰው ስሜት ይጎዳል› አለችኝ። ባለቤቴም ‹ያለፈ ነገር ነው› ይላል። የ13 ዓመት ልጃችን ግን አይታዋለች። ‹እማ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?› ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምራት ነኝ፣ ለቤቱ ባዕድ ነኝ። ዝም ልበል? ደግሞስ እውነት የዚያ ሰውዬ ዘር ናቸው? በምንስ ይጣራል?
የሣጥኗ ምራት»

እህቴ፣ ከኋለኛው ጥያቄሽ ልጀምር። ወረቀት ማጣራት ስትጀምሪ የፊተኛው መልስ በራሱ ይመጣል። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሰውዬውን እንወቀው። ሮበርት ካርተር ይባላል። «ኪንግ» ያለው ዘውድ ሳይሆን ሰው ነው፤ በሀብቱም በኩራቱም የተነሳ። የተወለደው በ1663 ገደማ ነው፤ የሞተው በ1732። አባቱ ጆን ካርተር ከእንግሊዝ መጥቶ ላንካስተር ካውንቲ፣ ራፓሃኖክ ወንዝ አፍ አካባቢ ኮሮቶማን በሚባል ቦታ ሰፈረ። ልጁ ሲሞት ወደ 300,000 ኤከር መሬት ነበረው። በእኛ አለካክ 3,000 ጋሻ ያህል ነው። ስንት ራስና ደጃዝማች ይህን ያህል አላየም።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣው? ትምባሆ ብቻ አይምሰልሽ። የሎርድ ፌርፋክስ ቤተሰብ ወኪል ነበር። ፌርፋክስ የሚለውን ስም መቼም ታውቂዋለሽ፤ ስንቱ ሐበሻ የሚኖርበት ካውንቲ ነው። በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለው ምድር በእንግሊዝ ንጉሥ ስጦታ የዚያ ቤተሰብ ርስት ሆኖ ነበር። ካርተር በእነሱ ስም መሬት እየቆረሰ ይሰጣል፣ ግብር ይሰበስባል። ሲቆርስ ደግሞ ራሱንና ልጆቹን አልረሳም። ዛሬ ሞርጌጅ የምትከፍይበት መሬት ራሱ በዚያ ግዛት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ባዕድ ነኝ» ያልሽውን ትንሽ ቀነስ አድርጊው።

አሁን ወደ ስሙ። እዚህ ላይ ሐበሻ መሆንሽ ይጠቅምሻል። የሁለት ሰዎች አባት ከበደ ስለተባለ ወንድማማች ናቸው የሚል ሰው አገራችን ውስጥ የለም። ፈረንጅ ግን የቤተሰብ ስም ሲመሳሰል ቶሎ ይሸነፋል። ካርተር ማለት ጋሪ ነጂ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ጋሪ ነጂ ያልነበረበት መንደር የለም። እዚያው ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ እንኳ በዚያው ዘመን ቶማስ ካርተር የሚባል ሌላ ሰው ነበር፤ ባርፎርድ በሚባል ይዞታው የሚታወቅ። እሱም ብዙ ዘር አለው። ከነጆን ካርተር ጋር ዝምድና እንዳለው እስከ ዛሬ በማስረጃ ያሳየ የለም። «ከላንካስተር የመጣን ካርተሮች ነን» የሚል ቤተሰብ ሁሉ ታዲያ ከሁለቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። ከሁለቱም ላይሆን ይችላል።

አንድ ቀላል ማጣሪያ ልስጥሽ። ኪንግ ካርተር ከሁለት ሚስቶች 15 ልጆች ወለደ፤ ብዙዎቹ በልጅነት ሞቱ። በወንድ መስመር ካርተር የሚለውን ስም ያስተላለፉት አራት ልጆቹ ናቸው፤ ጆን፣ ሮበርት፣ ቻርልስ እና ላንደን። አምስተኛው ጆርጅ ሳያገባ ሞተ። ስለዚህ የባለቤትሽ ስም ከኪንግ ካርተር በቀጥታ የወረደ ከሆነ መንገዱ ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ ማለፍ አለበት። የአማትሽ ወረቀት አምስተኛ ስም ካመጣ፣ ወይም ከአራቱ አንዱን ጠርቶ ቀጥሎ ሁለት ትውልድ ከዘለለ፣ እዚያ ላይ ቁሚ። በሴት ልጆቹ በኩል የሚወርዱት ደግሞ ሌላ ስም ነው የሚይዙት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡ ጦር አዛዥ የነበረው የሮበርት ሊ እናት ካርተር ነበረች፤ እሱም የዚሁ ሰውዬ ዘር ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከታዋቂው ሰው ጀምሮ ወደ ራሱ ሲወርድ ነው። ከላይ ስትጀምሪ ሁሉም መንገድ ወደ ቤትሽ የሚያደርስ ይመስላል። ከታች ጀምሪ። ከባለቤትሽ፣ ከዚያ አባቱ፣ ከዚያ አያቱ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ «ይሄ የዚያ ልጅ ነው» የሚል፣ በጊዜው የተጻፈ ወረቀት ይኑርሽ። ሰባት ቤት እንደመቁጠር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ እማኝ የሚሆነው ሽማግሌ ሳይሆን መዝገብ ነው።

ሣጥኑ ላይ ከመሥራትሽ በፊት ወረቀቱ የተደረደረበትን ቅደም ተከተል ሳትነኪ ሁሉንም ፎቶ አንሺ፣ ከፊትም ከጀርባም። ስኮች አትለጥፊ፣ ላሚኔት አታድርጊ። የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ ልደትና ሞት የተጻፈበትን ገጽ ብቻ ሳይሆን የታተመበትን ዓመትም እይ። መጽሐፉ በ1840 ታትሞ በ1770 የተወለደ ልጅ ከተጻፈበት የጻፈው ሰው ከትዝታ ወይም ከሌላ ወረቀት ገልብጦ ነው። ቀለሙንም እይ። የስድስት ልጆች ልደት በአንድ ብዕር፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ጊዜ የተጻፈ ከመሰለ ማስረጃነቱ ይላላል።

ቨርጂኒያ ልደትና ሞት በክፍለ ሀገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1853 ነው። በ1896 አቋርጣ በ1912 እንደገና ቀጠለች። በመሃል ያለው ክፍተት ብዙ ሰው ያስለቅሳል። የሕዝብ ቆጠራው ደግሞ ከ1850 ጀምሮ በቤቱ ያለውን ነጻ ሰው ሁሉ በስም ይጽፋል። ከዚያ በፊት የአባወራው ስም ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው በጭረት ይቆጠራል። የ1790ው የመጀመሪያ ቆጠራ የቨርጂኒያው ጠፍቷል፤ በእሱ ፋንታ ከ1782 ጀምሮ ያለው የግብር ዝርዝር ያገለግላል። አብዛኛውን በነጻ «ፋሚሊ ሰርች» ላይ ታገኚዋለሽ፤ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ነው፣ ገንዘብ አያስከፍልም።

ከዚያ በላይ ስትወጪ ኑዛዜ፣ የመሬት ውልና የፍርድ ቤት ክርክር ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ክርክሩን አስቀድሚ። ወራሽ ሲጣላ ለዘር ቆጣሪ ሠርግ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ቀድሞ እንደሞተ፣ ሁሉንም በመሐላ ይናገራሉ። ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት እነዚህን የቆዩ የውርስ ክርክሮች ኮምፒውተር ላይ አውጥቷቸዋል፤ ቤትሽ ተቀምጠሽ ታነቢያለሽ።

እድለኛ ነሽ፣ የላንካስተር መዝገብ ከ1650ዎቹ ጀምሮ አለ። ሁሉም ካውንቲ እንዲህ አይደለም። ኒው ኬንት የሚባለው በ1787 አንድ ሰው ሆን ብሎ የመዝገብ ቤቱን አቃጠለው፤ በዚያው ተሰቀለ። ሌሎች ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ መዝገባቸው እንዳይጠፋ ብለው ወደ ሪችመንድ ላኩት። ኤፕሪል 1865 ሪችመንድ ስትቃጠል አብሮ ነደደ። የባለቤትሽ ቤተሰብ መሃል ላይ ከእነዚህ ወደ አንዱ ተሻግሮ ከነበረ ሐረጉ እዚያ ላይ ቢበጠስ አይግረምሽ። የተበጠሰውን ግን በግምት አትቀጥዪው። «እዚህ ላይ ማስረጃ የለም» ብለሽ ጻፊ። ምንም ነውር የለውም።

ቋንቋው ላይም ተጠንቀቂ። በዚያ ዘመን «ጁኒየር» ማለት የግድ ልጁ ማለት አይደለም። በአንድ ሰፈር ሁለት ጆን ካርተር ካሉ በዕድሜ የሚያንሰው ጁኒየር ነው፤ የወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ባዳም ሊሆን ይችላል። ትልቁ ሲሞት ደግሞ ጁኒየሩ «ሲኒየር» ይሆንና ጉድ ይፈላል። «ወንድሜ» የሚለው የሚስት ወንድምም ሊሆን ይችላል። ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም፤ እኛስ የአክስት ልጅ ወንድሜ እንል የለ? ኑዛዜ ላይ «ለአሁኗ ሚስቴ» የሚል ካየሽም ሌላ ሚስት ነበረችው ብለሽ አትቸኩዪ። የሕግ አጻጻፍ ነው፤ ኋላ ላገባት ለምችላት ሳይሆን አሁን ላለችው ማለቱ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ አለልሽ። ፈረንጆቹ ይቸገሩበታል፤ አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ በሁለት ካላንደር የኖርሽ ሰው ነሽ። እስከ 1752 ድረስ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በአሮጌው አቆጣጠር ነበሩ። አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1732 የምንለው በእነሱ ገና 1731 ነበር። መዝገብ ላይ 1731/2 ተብሎ በእዝባር የሚጻፈው ለዚህ ነው። በ1752 ሲቀይሩ ሴፕቴምበር 2 ማታ የተኛ ሰው ሲነቃ ሴፕቴምበር 14 ሆኖ አገኘው። ጆርጅ ዋሽንግተን ፌብሩዋሪ 11 ተወልዶ 22 ላይ የሚከበረው በዚህ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከእናቱ ሠርግ በፊት የተወለደ ልጅ አገኘሁ ብሎ ቤተሰብ ያጣላል።

ሣጥኑ ውስጥ ባለቀለም የጦር ጋሻ ምልክት ካለ ውብ ነው፣ ፍሬም ውስጥ አድርጊው፣ ማስረጃ ግን አትበይው። በእንግሊዝ ልማድ ጋሻው የሚሰጠው ለሰውየውና በትክክል ለሚወርሱት ነው እንጂ ያን ስም ለያዘ ሁሉ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ለአሜሪካ ባለጸጎች የዘር ሐረግ እየፈበረከ የሚሸጥ ጉስታቭ አንዡ የሚባል ሰው ነበር። እሱ የጻፋቸው የፈጠራ ሐረጎች ዛሬም ከሰው ሰው ሲገለበጡ ይኖራሉ። ለከበርቴ ዘር የሚቆጥር ደብተራ በየአገሩ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ገጽ እንምጣ።

የባለእርሻን ቤተሰብ ታሪክ የፈለገ ሰው የባሪያዎቹን ስም ሳያይ አያልፍም። ማለፍ ቢፈልግም አይችልም። ወረቀቱ አንድ ነው። ኑዛዜው ላይ አሉ፣ የንብረት ቆጠራው ላይ አሉ። በ1705 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ባሪያን እንደ መሬት የማይንቀሳቀስ ንብረት አድርጎ ስለቆጠረ የመሬት ውል ላይም አሉ። የእህትየው ምኞት እነሱን አውጥቶ ካርተሮቹን ማስቀረት ነው። ያ ከወጥ ውስጥ በርበሬውን ለይቶ እንደማውጣት ነው።

ኪንግ ካርተር ራሱ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። ማርች 10 ቀን 1707/8 ላንካስተር ካውንቲ ፍርድ ቤት ቀረበ። (እዝባሩን አየሽው? በእነሱ 1707፣ በዛሬው 1708።) ሁለት ሰዎች አልታዘዝ ብለውኛል ብሎ ከሰሰ። የወንዱ ስም ባምባራ ሃሪ ነው፤ የሴቲቱ ዲና። ፍርድ ቤቱ የእግር ጣታቸውን እንዲቆርጥ ፈቀደለት። መዝገቡ ላይ እንዲህ በአጭሩ፣ እንደ ማንኛውም የዕለቱ ጉዳይ ተጽፏል። ባምባራ ዛሬ ማሊ በምንለው አገር ያለ ሕዝብ ነው። ይህ ሰው ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር ቢኖር ያቺ አንዲት ቃል ናት፤ የተረፈችውም ጣቱ ሊቆረጥ ስለተፈረደበት ነው።

በ1727 ደግሞ ለአንድ የእርሻ ኃላፊው ደብዳቤ ጻፈ። ከመርከብ ለተገዙት አዳዲስ ሰዎች ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፣ እስኪለምዱት ደጋግመን ጠርተናቸዋል፣ አሁን ሲጠሩ አቤት ይላሉ ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ የቆምኩት «እኔ ነኝ ስም ያወጣሁት» የሚለው ላይ ነው። በእኛ ባህል ስም ማውጣት የአባትና የእናት፣ የአያት፣ የቄስ ሥራ ነው። ሰው ስሙ የተነጠቀው እንዲህ ነው። ሣጥንሽ ውስጥ ያሉት 23 ስሞች አንዳንዶቹ እንደዚያ የተሰጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም ከእነዚያ ሰዎች የቀረ ሌላ የለም።

ለምን እንዲህ አጠነከርኩት መሰለሽ? አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ዘሩን ሲፈልግ 1870 ላይ ግንብ ይገጥመዋል። ነጻ የወጡት ሰዎች በሕዝብ ቆጠራ ላይ ሁሉም ከነስማቸው የተጻፉት ያኔ ነው። በ1850 እና በ1860 የባሪያ ቆጠራ ነበር፤ ግን በጌታው ስም ሥር «ሴት፣ 30 ዓመት፣ ጥቁር» እያለ ነው የሚሄደው፣ ስም የለውም። ከ1870 ወደ ኋላ ለመሻገር ያለው አንድ መንገድ የጌታውን ስም ማግኘትና የእሱን ወረቀት መፈተሽ ነው። ኑዛዜውን፣ የንብረት ዝርዝሩን፣ የሒሳብ ደብተሩን። ምናልባት ይሄኔ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ያንቺው ሱፐርማርኬት ውስጥ አጠገብሽ የተሰለፈ ሰው የአያቱን እናት ሲፈልግ አሥር ዓመት ሆኖታል። ስሟ ያለው በአማትሽ ሣጥን ውስጥ፣ ከአንዲት ላም በታች ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሩን ስትገለብጪ ተጠንቅቀሽ ገልብጪ። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ፣ በፊደል ተራ አትደርድሪው። ጸሐፊዎቹ ብዙ ጊዜ እናትን ከልጆቿ ጋር አከታትለው ነው የሚጽፉት። ከስሙ አጠገብ ያለው ዋጋም ይናገራል፤ በጣም ዝቅ ያለው ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ነው፣ ከፍ ያለው ወጣት ወይም የእጅ ሙያ ያለው ነው። አባት አትጠብቂ። በ1662 የወጣው ሕግ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል ስለሚል ጸሐፊው አባትን ለመጻፍ ምክንያት አልነበረውም። ሕጉ የወጣው ለምን እንደሆነ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን። ጌታው ከባሪያው ሴት ቢወልድ ልጁ ንብረቱ ሆኖ እንዲቀር ነው።

ስለዚህ የባለቤትሽ እህት ለመጽሐፉ ብላ የዲኤንኤ ምርመራ ካሰበች ቀድመሽ ንገሪያት። ሰባትና ስምንት ትውልድ ወደ ኋላ ላለ ሰው ምርመራው እርግጠኛ ነገር አይሰጥም፤ ከዚያ አያት የደረሰ ምንም ላይኖር ይችላል። በወንድ መስመር ያለውን ዝምድና የሚያጣራው ሌላ ምርመራ ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደውን የዋይ ክሮሞዞም የሚያይ። እሱን የሚሰጠው ባለቤትሽ ነው እንጂ እህቱ ልትሰጠው አትችልም። ውጤቱ ሲመጣ ታዲያ ከዘመዶች ዝርዝር ውስጥ ጥቁር የአክስትና የአጎት ልጆች ሊመጡ ይችላሉ። በፕሬዚዳንቱ በቶማስ ጄፈርሰን ቤት የሆነው ይኸው ነው። በባርነት ይዟት ከነበረችው ከሳሊ ሄሚንግስ ልጆች እንደወለደ ዘሮቿ ለትውልድ ሲናገሩ ኖሩ፣ ሰው ሁሉ ግን ሐሜት ነው አለ፤ በ1998 የዲኤንኤ ምርመራ ሲደገፍ ግን የጄፈርሰንን ቤት የሚያስተዳድረው ተቋም ራሱ በ2000 ተቀበለው። ስብሰባው ላይ ከምትደነግጥ አሁን ብትሰማው ይሻላታል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለኛ። እኔ ላገባ ስል አክስቴ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ። አራተኛዋ ሴት ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። ውኃ ጠጡ፣ ከአምስተኛው ቀጠሉ። ሌላ ጊዜም ሳስቆጥራቸው እዚያችው ቦታ ላይ ያስላቸዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ያቺ ሴት በልጅነቷ ተገዝታ ከሩቅ አገር የመጣች ነበረች። አገራችን ባርነትን በአዋጅ የከለከለችው በ1942 ነው፤ ሩቅ አይደለም። ይሄን የምነግርሽ ባለቤትሽን «የናንተ ሰዎች» ብለሽ እንዳትጀምሪ ነው። «በኛም ቤት እንዲህ ያለ ሳል አለ» ብትዪው ይሰማሻል።

አሁን ቤተሰቡን እንዴት ትይዥዋለሽ? ሣጥኑ ያንቺ አይደለም፣ የባለቤትሽና የእህቱ ነው። ሳትነግሪው ኮፒ እንዳትልኪ፤ ከወረቀቱ በላይ እሱ ይጎዳሻል። ግን ይህን ንገሪያቸው፦ እንዲህ ያለ የንብረት ዝርዝር ሰው ሲሞት ለፍርድ ቤት የሚገባ ሰነድ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቅጂ ነው። የካውንቲው መዝገብ ካልተቃጠለ በቀር እህትየው ብትቀድደውም ዋናው መዝገቡ ላይ ይኖራል፤ ካውንቲውንና ገጹን ያወቀ ሰው ዛሬም ሄዶ ያወጣዋል። ስለዚህ ጥያቄው ይታወቅ ወይ አይታወቅ አይደለም። ከእናንተ እጅ ይውጣ ወይስ ከሌላ ሰው እጅ ነው። እኔ ብሆን ገጹን እንዳለ ፎቶውን፣ ከጎኑ የ23ቱን ስም በታይፕ፣ ሌላ ምንም ማብራሪያ ሳልጨምር መጽሐፉ ውስጥ አስገባው ነበር። ይቅርታ መጠየቂያ ጽሑፍ፣ ግጥም፣ ምናምን አያስፈልግም። እንቢ ካለች ለኮምፒውተር ሥራው ያለሽን ፈቃደኝነት መልሰሽ መውሰድ ትችያለሽ። ምራት መሆን ጸሐፊ መሆን አይደለም።

ቅጂ ለማን ይሰጥ ካልሽ፣ ለካውንቲው የታሪክ ማኅበር ይሰጣል። የጥቁር አሜሪካውያንን ዘር የሚያጠና በ1977 ዋሽንግተን ውስጥ የተቋቋመ ማኅበርም አለ። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍትም «ቨርጂኒያ አንቶልድ» በሚል ስም እንዲህ ያሉ ስሞችን ያሰባስባል። የባለቤቶችና የባሪያዎች ዘሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት በ2006 እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ የተጀመረ ስብስብ አለ፤ ባለቤትሽ ለመናገር ቃል ካጠረው እሱን ይሞክር። አላስገድደውም።

ልጅሽ ለጠየቀችሽ ጥያቄ ግን ዛሬውኑ መልሺላት። «የአባትሽ ዘመዶች ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ሰዎች በባርነት ይዘዋቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው» በያት። 13 ዓመቷ ነው፣ ይገባታል። የቀረውን አብራችሁ ፈልጉ። እንዲያውም ከኪንግ ካርተር ይልቅ የልጅ ልጁን አሳያት። እሱም ሮበርት ካርተር ነው፤ በ1728 ተወልዶ ኖሚኒ ሆል በሚባል ቤት የኖረ። እርሻዎቹን በከዋክብት ስም ነበር የሚጠራው፤ ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ እንደምንለው። ሴፕቴምበር 1791 አንድ ሰነድ ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። 450 ያህል ሰዎችን በየተራ ነጻ እንደሚያወጣ የሚገልጽ ነው። በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ይህን ያህል ባሪያ ነጻ ያወጣበት ሌላ ጊዜ የለም። ጎረቤቶቹ አልወደዱለትም፤ በኋላ ቨርጂኒያን ትቶ ባልቲሞር ገባ። ሰነዱ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ዕድሜና የሚኖርበት እርሻ ተጽፏል። አያቱ በመዝገብ የተወው የጣት መቁረጫ ፈቃድ ነው፤ የልጅ ልጁ ይህን። ሁለቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። የባለቤትሽ ዘር በሮበርት ልጅ በኩል የሚሄድ ሆኖ ከተገኘ እህትየው ለመጽሐፏ የምትኮራበት ገጽ አገኘች ማለት ነው፤ እሱን ለማስገባት ግን ሌላኛውንም ማስገባት አለባት።

ቅዳሜ ሥራ ከሌለሽ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ። ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ ላንካስተር ካውንቲ ትደርሳላችሁ። ኪንግ ካርተር ያሠራው ክራይስት ቸርች የሚባል የጡብ ቤተ ክርስቲያን እዚያ አለ፤ እሱ ከሞተ በኋላ በ1735 ነው ያለቀው። ሰውዬው ከነሚስቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ተቀብሯል፤ መቃብሩ የተቀረጸ ድንጋይ አለው። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ።

ሣጥኑን ግን ከመሄድሽ በፊት ከቤዝመንት አውጪው። የቨርጂኒያ በጋ እርጥበቱ ቀልድ አይደለም፣ ወረቀት ያሻግታል። መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊው።